የዳማ ጉልበት

ሰፈሩ ለአንድ እናት ልጆች ሁለት ስም አውጥቶላቸዋል፤ እህትየዋን ሹክሹክታ፣ ወንድምየውን ጡሩምባ። ሁለቱም ሶፋ አልባሾች ናቸው። ያረጀ ሶፋ ገፈው፣ ሞላውን አጥብቀው፣ ስፖንጁን ቀይረው አዲስ ጨርቅ ያለብሱታል። ጡሩምባ ከመንገድ ማዶ ሆኖ «እንደምን አደራችሁ!» ያለ እንደሆነ ፎቅ ላይ መስኮት ይከፈታል። ሹክሹክታ ግን አጠገብህ ቆማ ብትጠራህ የምታውቀው ትንፋሿ ጆሮህን ሲያሳክክህ ነው። ሰፈር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ስም ሳያወጣ አያድርም።

ይሁንና ሹክሹክታ ስትፈጠር እንዲህ አልነበረችም። አባቷ በሕይወት ሳለ ከወንድሟ እኩል ትጮህ ነበር። ነገሩ የመጣው እናትየዋ አንድ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ከያዘች በኋላ ነው። የእናትየዋ ክፍልና የሥራው ቤት የሚለያዩት በአንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው፤ ልጅቱም «እናቴን የሚያስደነግጣት አንዳች ድምፅ እዚህ ቤት አይሰማም» ብላ ቆርጣ ተነሳች። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባች። የወንበሩን ሁሉ እግር በጨርቅ ቁራጭ ጠቀለለች። ለራሷ ከወፍራም ሱፍ የቤት ጫማ ሰፋች፤ በሱ ስትራመድ እንኳን ሰው ድመት አይሰማትም። መዶሻውማ ጭራሽ ከቤት ተባረረ። ጡሩምባ የሶፋውን እንጨት በትከሻው ተሸክሞ መንገዱ ጫፍ ላይ ካለው አናጺ ዘንድ ይሄዳል፤ እዚያ ቀጥቅጦ መልሶ ይሸከማል። ቤት ሲደርስ እሱም በእግር ጣቶቹ ጫፍ ነው የሚገባው። ያ ግንድ የሚያህል ሰው በጣቶቹ ጫፍ ሲሄድ ማየት በራሱ ትርዒት ነበር፤ ግን በዚያ ቤት መሳቅም ድምፅ አለው።

እናትየዋ ከብዙ ጊዜ በኋላ አረፈች። ጸጥታው ግን አብሯት አልተቀበረም። «ሥራህ አልቋል፣ በል ሂድ» ያለው ስላልነበረ እዚያው ቀረ። ሹክሹክታም በሱፍ ጫማዋ፣ ጡሩምባም በተሸካሚነቱ ቀጠሉ።

ውሻዋ ዳማ የመጣችው እንግዲህ ወደዚህ ቤት ነው። ሹክሹክታ ከሥራ የተረፈ ስፖንጅ ሲጠራቀምላት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ወደሚጠለሉበት ግቢ ትወስዳለች፤ ለመኝታ ይሆናቸዋል። አንድ ቀን ሸክሟን አራግፋ ልትወጣ ስትል፣ መጨረሻ ካለው ክፍል ጥግ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተቀመጠች ቀላ ያለች ዳማ ውሻ አየች። ሌሎቹ «እኔን ውሰጂኝ፣ እኔን!» የሚሉ ይመስል ሽቦው ላይ ሲንጠለጠሉ ይቺ ዞርም አላለች። የግቢው ኃላፊ ታሪኳን ነገረቻት። ጌቶቿ ቤት ሲቀይሩ ሰገነት ላይ ትተዋት ሄዱ፤ ከዚያ ስትዘል የኋላ ግራ ጉልበቷ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ቢወድቅ ትንቀጠቀጣለች።

«የሚያነክስ ውሻ የሚወስድ አይጠፋም» አለች ኃላፊዋ፤ «የሚፈራ ውሻ የሚወስድም አለ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ግን እስካሁን አልመጣም።»

የሹክሹክታን አንጀት በላችው። «እኔ እወስዳታለሁ» አለች።

«ምን አልሽኝ?»

«እኔ እወስዳታለሁ።»

«የኔ እናት፣ ጆሮዬ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?»

በመጨረሻ የራሷን ደረት ነካች፣ ወደ ውሻዋ ጠቆመች፣ ወደ በሩ ጠቆመች። ተግባቡ።

ጡሩምባ ውሻዋን ባየ ጊዜ ወገቡን ይዞ ቆመ። «እታለም፣ ሰው ውሻ የሚያመጣው ሌባ እንድታባርርለት ነው። ይቺ እኮ ሌባ ቢመጣ ከሱ ቀድማ አልጋ ሥር ነው የምትገባው!»

«ቀስ በል እንጂ፤ ታስደነግጣታለህ» አለችው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። እሱም እንደ ልማዱ ድምፁን ዋጠ፤ ቆሽቱ እያረረ።

የእንስሳት ሐኪሟ ትልልቅ እጅ ያላት፣ ነገር የማትሸፋፍን ሴት ናት። ዳማን በጎኗ አስተኝታ ጉልበቷን ልትዳስስ ብትሞክር ውሻዋ እንደ ጣውላ ድርቅ አለች። እግሯን ብታጥፈው አይታጠፍም፣ ብትዘረጋው አይዘረጋም። ሐኪሟ ሞክራ ሞክራ ተወችው።

«የጉልበቷ የውስጥ ጅማት ተጎድቷል» አለች። «ሙሉ በሙሉ ይበጠስ ወይ በከፊል ግን አሁን ልነግርሽ አልችልም። ስትፈራ ጡንቻዋን ስለምትገትረው ጉልበቱ ይላላ አይላላ አይታወቀኝም። በማደንዘዣ አስተኝቼ ማየት ይቻላል። ነገር ግን እዚያ ግቢ ሳለች አንድ ጊዜ አስተኝተዋት ነበር፤ ልቧ ደክሞ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ካልተገደድኩ አላደርገውም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ሐኪሟ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማቻትና አስረዳቻት። ለጥቂት ሳምንታት ዝላይ የለም፣ ደረጃ የለም፣ ሩጫ የለም። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ። በገመድ ተይዛ አጭር አጭር መንገድ ትሂድ። ክብደቷም ትንሽ ይቀንስ። ሞቅ ያለ እርጥብ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ይደረግላት፤ ጭኗም በዝግታ ይታሽላት። «የሰው ክኒን ደግሞ እንዳታሳያት» አለች። «ከሁሉም በላይ ግን እርጋታ ያስፈልጋታል። በደነገጠች ቁጥር በታመመው እግሯ ትዘላለች፤ በዘለለች ቁጥር ጅማቱ ይብስበታል። ለቀጠሮ ስትመለሱ ተረጋግታ ካስነካችኝና ጉልበቱ ጠብቆ ካገኘሁት የቀዶ ጥገና ቢላዋ አያስፈልጋትም። ካላስነካችኝ ግን ማስተኛቴ ነው። እሱን ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እፈራዋለሁ።»

ሹክሹክታ ከክሊኒኩ የወጣችው ከዚህ ሁሉ ምክር አንዷን አጥብቃ ይዛ ነው። እርጋታ! እርጋታን እንደሷ የሚያውቅ ማን አለ? ያን ሁሉ ዘመን ሰው አስታማበታለች።

ለእጇ ሥራማ ማን ሊደርስባት! የሸክላውን ወለል ከዳር እስከ ዳር በወፍራም የጨርቅ ቁራጭ ሸፈነችው፤ ቤቱ ሰማያዊና ቀይ፣ ባለመስመርና ባለአበባ ሆኖ ቁጭ አለ። ለዳማ ጠንካራና ለስላሳ ስፖንጅ ደራርባ፣ ጠርዙን በቧንቧ ስፌት፣ እንደ ገመድ በተጠቀለለ ጨርቅ፣ አጅባ መኝታ ሠራችላት፤ ደንበኛ ገብቶ «ይሄ ለማን ነው?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ። ጠዋት ጠዋት ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ በክንዷ ሙቀቱን ለክታ ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ ጭኗን ከላይ ወደ ታች ታሻለች። ዳማ መጀመሪያ ላይ የዓይኗ ነጭ እስኪታይ በጎን እያየች ትታገሳት ነበር። እያደር ግን ጨርቁ ሲነሳባት ቅር እንደሚላት በግልጽ ታሳይ ጀመር። የተቀቀለ ካሮትና ሥጋ በልኩ ትበላለች። ጎረቤት የነጭ ሽንኩርት ዘይት ይዛ መጥታ «ይቺን ብትቀቢያት በሷ ትምያለሽ» ስትል፣ ሹክሹክታ ስልክ ደውላ ሐኪሟን ጠየቀች፤ ስለምትልሰው ይመርዛታል ተባለች፤ ዘይቱም ከነጎረቤቷ በክብር ተሸኘ። አንድ አስቸጋሪ ነገር ብቻ ነበር። ዳማ ሶፋ ላይ መውጣት አይፈቀድላትም፤ ቤቱ ደግሞ የሶፋ ቤት ነው። እንግዲህ ፍረዱ!

ከዚያ ጸጥታው። ለእናቷ ካደረገችው ባሰ እንጂ አላነሰም። የስልኩን ጥሪ ዘጋች። መቀሱን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው እንዳይንኳኳ ጨርቅ አነጠፈችለት። የመንገድ በኩል ያለውን በር ግማሹን ዘጋች። ደንበኞችም ነገሩ ገብቷቸው ይሁን ፈርተው እንጃ፣ ጎንበስ ብለው እየተንሾካሾኩ ጨርቅ መምረጥ ጀመሩ።

ውሻዋ ግን ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ መርፌ ብትወድቅ ትሰማለች፤ ስትሰማም ትዘላለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ራሷ ሹክሹክታ ነበረች። «ተኝታ ይሆን?» ብላ በሱፍ ጫማዋ ትመጣለች። ዳማ ዓይኗን ትገልጣለች። ምንም ኮቴ ሳይሰማ፣ ምንም ትንፋሽ ሳይቀድም አንድ ሰው በላይዋ ተደፍቶ ያያታል። ሌባ እንኳን እንዲህ አይመጣም! ዘላ ትነሳለች፣ የጠረጴዛ እግር ትመታለች፣ ታለቅሳለች። ሹክሹክታም አብራት ታለቅሳለች፤ ያው ድምፅ ሳታሰማ። ጉልበቱን ስትዳስሰው እንደገና ግሏል። «አሁንም የቀረ ድምፅ አለ ማለት ነው» ትልና የሚንጠባጠበውን ቧንቧ በጨርቅ ትጠቀልላለች። ነገሩ ከአፍንጫዋ ሥር ሆኖ እሷ ሩቅ ሩቁን ትፈልጋለች።

የቀጠሮው ቀን እየቀረበ ሲሄድ ምግብ አልዋጥላት አለ። ዳማ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ሳትነቃ ስትቀር በዓይነ ሕሊናዋ ትመጣባታለች። እሷ ያመጣቻት እሷ ትገድላት? ይህን ለወንድሟ አልነገረችውም። ለማን ምን ነግራ ታውቃለች?

አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጥቶ የአናጺውን ጣሪያ ገሽልጦ ወሰደው። ጡሩምባ በቅርቡ ለሚከፈት የፀጉር ቤት ረጅም አግዳሚ ወንበር ማድረስ ነበረበት፤ በበሩ ሲገባ ሙልጭ ብሎ ርሶ አግዳሚውን በአንድ ትከሻው፣ መዶሻውን በቀበቶው ይዟል። ለመጀመሪያ ጊዜ በጣቶቹ ጫፍ ሳይሆን በሙሉ እግሩ ነው የገባው።

«አይሆንም» አለች ሹክሹክታ በሩ ላይ ተገትራ።

«ይሆናል!»

«ዳማ...»

«እታለም፣ ዳማም ሆነች ሌላ፣ እኔ ዛሬ ይሄን ካልመታሁ ሰዎቹ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት! ዝናብ ውስጥ ልምታው? ቁርጡን ንገሪኝ፤ ይሄ ሶፋ ቤት ነው ወይስ የሐዘን ቤት?»

የሐዘን ቤት የምትለዋ ቃል ከአፉ ከወጣች በኋላ እሱም ደነገጠ፤ ግን አልመለሳትም። ሹክሹክታ ዳማን አቅፋ ወደ ኋላው ክፍል፣ እናትየዋ ትተኛበት ወደነበረው ወሰደቻትና በሩን ዘጋችባት። ተመልሳ መጣችና የጨርቁን ጫፍ ያዘች። ያልያዘችው እንደሆነ ጡሩምባ ብቻውን ሊወጥረው አይችልም። ጨርቁ ባለመስመር ነው፤ መስመሩ ከተንጋደደ ወንበሩ ዕድሜ ልኩን የሰከረ ይመስላል።

በዚህ ሥራ አባታቸው ያስለመዳቸው አንድ ሕግ አለ። ጨርቁን ወጥሮ የያዘው «ያዝኩ!» ይላል። መዶሻ ያነሳው ይህን ከሰማ በኋላ «መታሁ!» ይላል፤ ከዚያ ነው የሚመታው። ሁለቱም ካልተባሉ መዶሻ አይወርድም። አባትየው ይህን ሕግ ሲያስተምር የግራ እጁን አውራ ጣት ብቻ ነበር የሚያሳየው፤ እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ ነበር። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። እህትና ወንድም ግን መዶሻው ከቤት ከወጣ ጀምሮ እንዲህ አብረው ሠርተው አያውቁም፤ እሱ እዚያ ከአናጺው ጋር ነው የሚወጥረው።

«ያዝኩ» አለች ሹክሹክታ።

«አልሰማሁም።»

«ያዝኩ።»

«አልሰማሁም አልኩሽ! ጣትሽን ብጨፈልቀው ነገ ማን ሊሰፋልኝ ነው?»

ነገሩ ሁሉ ተደራርቦ መጣባት፤ ዝናቡ፣ ቀጠሮው፣ የሐዘን ቤት መባሉ። «ያዝኩ!» ብላ ጮኸችበት። ድምፁ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት እንደቆየ በር ሲጢጥ ብሎ ወጣ። ራሷም ደንግጣ ጨርቁን ልትለቀው ነበር።

ጡሩምባ ጥርሱ እስኪታይ ፈገግ አለ። «መታሁ!» ቷ!

ሁለቱም ወደ ኋላው ክፍል ጆሯቸውን ጣሉ። ምንም የለም። «ያዝኩ!» «መታሁ!» ቷ! «ያዝኩ!» «መታሁ!» ቷ! ጥቂት እንደሄዱ በሩ ሲቧጨር ተሰማ። ሹክሹክታ ሮጣ ሄዳ ስትከፍት ዳማ እያነከሰች ወጣች። ቆመች። መዶሻውን አየች፣ ሰውየውን አየች። ገላዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አልጋ ሥር በመግባት ፈንታ መጥታ የሥራው ጠረጴዛ ሥር ቁጭ አለች።

«ያዝኩ!» አለች ሹክሹክታ ዓይኗን ከውሻዋ ሳትነቅል። የዳማ ጆሮ ቆመ። «መታሁ!» የዳማ ጆሮ ተኛ። ቷ! ገላዋ ሰቅጠጥ አለ፤ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። እንደገና። እንደገና። የአግዳሚው አንዱ ጎን ሲያልቅ አገጯን መሬት ላይ አሳርፋለች። ወደ ሁለተኛው ጎን ሲዞሩ ዓይኗን ከደነች። መዶሻው እየወረደ ከጠረጴዛው ሥር ማንኮራፋት ተሰማ፤ ጡሩምባ የተባለን ሰው የሚያኮራ ማንኮራፋት!

ሹክሹክታ ጨርቁን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ገባት። ውሻዋን ያስፈራት ድምፁ አልነበረም። ሳይነገራት የሚመጣው ነው። እዚህ ቤት ደግሞ ከመጣች ጀምሮ ሁሉም ነገር ሳይነገራት ነው የመጣባት፤ ከሁሉ በፊት እሷ ራሷ። የለበሰችውን የሱፍ ጫማ አየችውና አወለቀችው።

«እማዬም እንዲህ ነበረች» አለ ጡሩምባ በድንገት።

«እንዴት?»

መዶሻውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ታማ ተኝታ ሳለ አንቺ በወጣሽ ቁጥር ትጠይቀኝ ነበር። ‹መዶሻችሁ ወዴት ሄደ? ሥራ ጠፋ እንዴ?› ትለኛለች። ‹ድሮ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ጥዬ፣ ይሄ የእሷ አመታት ነው፣ ይሄ የእሱ ነው እያልኩ ነበር የምውለው። አሁን ሰው ያለበት ቤት አይመስለኝም› ትለኛለች።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አትንገራት አለችኝ። ‹ለኔ ብላ ነው የምትደክመው፤ ትከፋብኛለች› አለች።» ይህን ሲል ጡሩምባ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «እኔስ ያን ሁሉ ስትለፊ እያየሁ ምን ብዬ ልንገርሽ፣ እታለም?»

ተነስታ ጨርቁን ወጠረች። እሱም መዶሻውን አንስቶ ጠበቀ፤ እስክትችል ድረስ ጠበቀ። «ያዝኩ!» አለች በመጨረሻ፤ ወንበሩን ጨረሱት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ አሠራር ተለወጠ። ሹክሹክታ ተረከዙ ጠንካራ የሆነ ጫማ ገዝታ ቀጭ ቀጭ እያለች ትሄዳለች። «ዳማ፣ መጣሁ!» ትላለች ከበሩ ሳትደርስ። «ዳማ፣ ውኃ ልከፍት ነው! ዳማ፣ ጨርቁን ላደርግልሽ ነው፤ ይሞቃል!» ጎረቤቶች መጀመሪያ ሌላ ሴት ቤት የገባች መስሏቸው አንገታቸውን አስግገው አዩ። መዶሻው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዳማም ከጠረጴዛው ሥር ቋሚ ቦታ ያዘች፤ «መታሁ!» ሲባል ጆሮዋን ጣል አድርጋ ታልፈዋለች። መዝለሏ እየቀረ ሲሄድ ጉልበቷ መጋሉን ተወ። በአጭሩ መንገድ ላይ እግሯን አልፎ አልፎ፣ ኋላም በየእርምጃው መሬት ታስነካ ጀመር።

ይሁንና አትሳሳቱ፤ ሹክሹክታ የምትጮኸው ለውሻዋና ለመዶሻው ብቻ ነበር። ለሰው ያው ሹክሹክታ ናት። ስለ እናቷ የሰማችውንም እንደዋጠችው ቀረች። ወንድሟ ነገሩን ሊያነሳባት ሲል «ሥራ አለብን» ትለዋለች።

የቀጠሮው ቀን ሁለቱም ሄዱ። የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ድመት በቅርጫት ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌና ጥንቸል ያቀፈች እናት ነበሩበት። ሁሉም ጸጥ ብለዋል፤ ሐኪም ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ ማን አለ?

«እኔ ይዣት ልግባ፤ ድምፄን ለምዳዋለች» አለ ጡሩምባ።

«ሌላው በሽተኛ አልለመደውም» አለች ሐኪሟ በበሩ ብቅ ብላ። «ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ይበቃል።»

ሹክሹክታ ገባች። ሐኪሟ ዳማ ጠረጴዛ እንዳትፈራ ብላ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ራሷም ቁጭ ብላለች። እጇን ስትዘረጋ ግን ዳማ እንደ ድሮዋ ድርቅ አለች። ዓይኗ በረዶ መሰለ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ቆንጆ» አለች ሹክሹክታ ጆሮዋ ሥር እየተንሾካሾከች። ዳማ ይባስ ተንቀጠቀጠች። ሐኪሟ ሞክራ እጇን መለሰች፤ ዓይኗም ግድግዳው ላይ ወዳለው የመድኃኒት ቁም ሣጥን ሄደ።

«እንዲህ ከሆነችብኝ ማስተኛቴ ነው» አለች በሐዘን።

ሹክሹክታም ያን ቁም ሣጥን አየች። ከዚያ የገዛ ድምፅዋን ሰማችና ምን እያደረገች እንደሆነ ገባት፤ ተመልሳ በሱፍ ጫማ ልትመጣባት ነው!

«ዶክተር፣ ምን ልታደርጊ እንደሆነ ከመንካትሽ በፊት ንገሪኝ» አለች።

«እግሯን ልይዝ ነው።»

ሹክሹክታ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ዳማ! እግርሽን ልትይዝ ነው!» መስኮቱ ነዘረ። ሐኪሟ ራሷ ብድግ ልትል ምንም አልቀራትም። የዳማ ጆሮ ግን ቆመ። «ያዘች!» አለች ሹክሹክታ፤ ሐኪሟም ያዘች። የዳማ ጆሮ ተኛ።

ሐኪሟ ውሻዋን አየች፣ ሴትየዋን አየች፤ ነገሩ ወዲያው ገባት። «በጣም ጥሩ። አሁን ጡንቻው እስኪላላ ድረስ እንዲህ ይዤ መቆየት አለብኝ። አንቺ እንዳታቋርጪ። የፈለግሽውን አውሪላት፤ ግን በዚሁ ድምፅ።»

«ዳማ! ዛሬ... ዛሬ ባለ ሦስት መቀመጫውን ነው የምንሠራው!» አለች ሹክሹክታ። «ሞላው ወልቋል! የክንዱ ስፖንጅ አልቋል! ጨርቁ አረንጓዴ ነው፤ እኔ አልወደድኩትም፤ ሰውየው መረጠው!» ስለ ሶፋው ያላት ሁሉ አለቀ። ስለ ዝናቡ ተናገረች፤ እሱም አለቀ። የዳማ ጭን ገና ነው። ሐኪሟ «ቀጥይ» እንደማለት በአገጯ ምልክት ሰጠቻት። ሹክሹክታ አፏን ስትከፍት ሌላ የቀረ ነገር አልነበረም፤ አንድ ብቻ።

«እናቴ ሞታለች!» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ቃሉ ብቻውን ቆመ። እሷም እንደዚያ ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም፤ በቀብሩ ቀን እንኳን።

«በዝናቡ ቀን አንቺን የዘጋሁብሽ ክፍል የእሷ ነበር! ታማ እዚያ ነበር የተኛችው! እኔ እንድታርፍልኝ ብዬ ነው ቤቱን ሁሉ ጸጥ ያሰኘሁት! መዶሻውን ያስወጣሁት እንድታርፍልኝ ብዬ ነው! እሷ ግን መዶሻውን ትጠብቀው ነበር! የእኔን አመታት ከወንድሜ ትለየው ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር! እኔ ከግድግዳው ወዲህ ትንፋሼን ይዤ፣ እሷ ከግድግዳው ማዶ ‹ልጆቼ የት ሄዱ?› እያለች...» እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፤ ድምፁ ግን አልወረደም። «ናፍቃኛለች! ዳማ፣ እናቴ ናፍቃኛለች!»

ዳማ ረዥም ትንፋሽ አወጣችና አገጯን የሹክሹክታ ጭን ላይ ጣለችው። በሐኪሟ እጅ ውስጥ ያለው እግር ለሰለሰ። ሐኪሟ ጉልበቱን ወደፊት ገፋችው፣ ወደኋላ ሳበችው፣ አጠፈችው፣ ዘረጋችው። እንደገና ሞከረችው። ከዚያ ፊቷ በራ።

«ጅማቱ ይዟል» አለች። «የተጎዳውም እየዳነ ነው። ቢላዋ አያስፈልጋትም። የጀመርሽውን እንክብካቤ ቀጥይበት። በቃ፣ ጨርሻለሁ።»

ሹክሹክታ ራሷን ነቀነቀች። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ውሻዋን አቅፋ ትነሳለች ተብላ ስትጠበቅ አልተነሳችም።

«እኔ አልጨረስኩም» አለች።

ሐኪሟ በሩን አየች፤ ውጭ ሰው ይጠብቃታል። ከዚያ እጇን ከዳማ እግር ላይ ሳታነሳ ግድግዳውን ተደግፋ ተመቻቸች። «እሺ፣ ቀጥይ» አለቻት።

ቀጠለች። እናቷ ስትስቅ ትከሻዋ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ተናገረች። አባቷ ጣቱን በመታው ቀን እናቷ እሱን ትታ መዶሻውን እንዴት እንደሰደበችው ተናገረች፤ ሐኪሟ ሳቀች፣ እሷም በእንባዋ መሃል ሳቀች። ሁሉንም ከፍ ባለ ድምፅ ነው ያወራችው፤ ዳማ ደግሞ በዚያ ሁሉ ውስጥ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

በሩ ሲከፈት መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ፊታቸውን ወደ እነሱ መልሰው አገኘቻቸው። ሽማግሌው መሐረባቸውን አውጥተዋል። ጡሩምባ መሃል ላይ ቆሟል፤ ግንድ የሚያህለው ሰውዬ ዓይኑ ደም መስሎ።

«እታለም» አለ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ። «ድምፅሽ እኮ እስከ መንገድ ይሰማል።»

«ይሰማ!» አለችው።

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ዳማም አራቱንም እግሮቿን መሬት እያስነካች በቀስታ በመካከላቸው ወጣች።